ከዳንኩ በኋላስ?

በአማርኛችን የምስጋናና የስንብት ቃል በጣም ይቀራረባሉ። ሰው ውለታ ሲውልልን ‹‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ›› እንላለን። እኔ የምመልሰው የለኝምና በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥህ ማለታችን ነው። መንገድ ላይ እጁን የዘረጋ ሰው ስናገኝ ደግሞ፣ ኪሳችን ባዶ ከሆነ ወይም መስጠቱ ካላሰኘን፣ ‹‹እግዚአብሔር ይስጥህ›› ብለን እናልፋለን። ልዩነታቸው የአንዲት ቃል ጫፍ ብቻ ነው፤ አንደኛው ሲያመሰግን ሌላኛው ያሰናብታል። የምናሰናብተው ሰው መጠሪያም የሚገርም ነው፤ ‹‹የኔ ቢጤ›› እንለዋለን። እንደኔ ያለ፣ እኩያዬ ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ሲያወጡ ‹‹ዛሬ እሱ ነው፣ ነገ እኔ ልሆን እችላለሁ›› ብለው አስበው ይሆናል። እኛ ግን ቃሉን በየቀኑ እያልነው መስማቱን ትተናል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን መግቢያ ያደረግሁት ስለ ቋንቋ ለማተት አይደለም። ከስድስት ኪሎ ግቢያችን በእግር ብዙም ከማያስኬድ ቦታ ላይ ስላለ አንድ ቤት ልጽፍ ፈልጌ ነው። ቤቱን ሁላችንም በስም እናውቀዋለን፤ ‹‹ማዘር ትሬዛ›› እንለዋለን። ታክሲ ውስጥ ‹‹ማዘር ትሬዛ ጋ ወራጅ!›› ሲባል ሰምተን ይሆናል። በሩን አልፎ የገባ ግን ከመካከላችን ብዙ ያለ አይመስለኝም። እኔ የሦስተኛ ዓመት የመስክ ልምምዴን ምክንያት አድርጌ ገባሁ፤ ልምምዱ ካለቀ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴን አልተውኩም። እዚያ የሰማሁት አንድ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ በላይ ስላስጨነቀኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ቤቱና ታሪኩ

ቤቱ የሚሽነሪስ ኦፍ ቻሪቲ ማኅበር ነው። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1950 ህንድ አገር ካልካታ ከተማ ውስጥ የመሠረቱት እማሆይ ትሬዛ ናቸው። በ1952 ካሊጋት በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አጠገብ በተሰጣቸው ሕንፃ፣ መንገድ ላይ ወድቀው የሚሞቱ ሰዎች የሚያርፉበትን የመጀመሪያውን ቤት ከፈቱ። የካቶሊክ መነኮሳት በድህነት፣ በንጽሕናና በታዛዥነት ለመኖር ቃል ይገባሉ። እነዚህ ግን አራተኛ ቃል ጨምረውበታል። ከድሃም ድሃ ለሆነው ሰው በሙሉ ልብ፣ ያለ ምንም ክፍያ ማገልገል ነው።

ወደ አገራችን የመጡት እ.ኤ.አ. በ1973፣ የወሎ ረሃብ በነበረበት ጊዜ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቀዱላቸው፤ በዓመቱ ግን ራሳቸው ከዙፋናቸው ወረዱ። ደርግ መጣ፣ ብዙ ነገር ተወረሰ፣ ብዙ ነገር ተዘጋ። ሲስተሮቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ እማሆይ ትሬዛ ራሳቸው አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ያን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከአየርላንዳዊው ሙዚቀኛ ከቦብ ጌልዶፍ ጋር መገናኘታቸው በየጋዜጣው ወጥቷል። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ፤ በ2016 ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው ቅድስት ብላ ሰየመቻቸው።

እዚህ ላይ እኛን የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን የሚመለከት ነገር ላንሳ። በአገራችን የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ እንደገና የተከፈተው በ2004 ነው። ባለሙያ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ባልነበረበት በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ነጭ ሰማያዊ ጥለት ያለው ሳሪ የለበሱት ሴቶች የወደቀ ሰው ያነሱ ነበር። ስለዚህ ቤቱን ለመገምገም ብዕር ስናነሳ መጀመሪያ ይህን ማስታወስ ያለብን ይመስለኛል።

ሰው እንዴት እዚያ ይደርሳል?

ወደ ግቢው የሚገቡት ሁሉ ድሮም ጎዳና ላይ የነበሩ ይመስለን ይሆናል። ቁጭ ብሎ ላዋያቸው ግን ታሪኩ ሌላ ነው። አንዱ ከገጠር ለሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይመጣል። ቀጠሮው ይረዝማል፣ በሬ ሸጦ የያዘው ገንዘብ ያልቃል፣ ባዶ እጁን ወደ አገሩ መመለስ ያፍራል። ሌላዋ ለጠበል እንጦጦ ማርያም ወጥታ ወራት ትቀመጣለች፤ ያስታመማት ዘመድ ይሰለችና ይመለሳል። አንዷ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ስትታመም ‹‹እስክትድኚ ዘመድ ጋ ቆዪ›› ተብላ ወጣች፤ ዘመድ ግን የላትም። ከዓረብ አገር አእምሮዋ ታውኮ የተመለሰችም አለች። ከቤተ ሰቧ ስንት ብር እንደላከችላቸው በዝርዝር ትናገራለች፤ የቤታቸውን መንገድ ግን ረስታዋለች።

እነዚህ ሰዎች አዲስ አበባን ያወቁት በበሽታ ነው። መጀመሪያ የወል መኝታ ወይም በአዳር የሚከራይ ቆጥ ይይዛሉ። ከዚያ በረንዳ ይከተላል፤ በመጨረሻ የላስቲክ መጠለያ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር። ርካሹ ማደሪያ የሚገኘው እንደ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካሳንቺስ ባሉ አሮጌ ሰፈሮች ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት እነዚህ ሰፈሮች በብዛት ስለፈረሱ፣ ከቆጥ ወደ በረንዳ የነበረው መንገድ ዛሬ ይበልጥ አጥሯል።

የቅዳሜ ሥራ

ሥራው ቀላል ነው፤ ማለቂያ ግን የለውም። ልብስ ማጠብ፣ አንሶላ መቀየር፣ መብላት የማይችለውን ማጉረስ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ጢም መላጨት። እኔ ወንዶቹ ክፍል ተመድቤ ምላጭና ሳሙና ያዝኩ። ሰው ጢሙን ሲላጭ ብዙ እንደሚያወራ ፀጉር አስተካካዮች ያውቃሉ፤ እኔም እዚያ ተማርኩት።

ቤቱ የካቶሊክ ነው፤ የሚተኛበት ሰው ግን አብዛኛው ኦርቶዶክስና ሙስሊም ነው። ማንም ሃይማኖቱን ተጠይቆ ሲገባ አላየሁም። ረቡዕና ዓርብ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ ወተት ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። ሲስተር ታዲያ የጾሙን ቀን ከእኔ የበለጠ ስለሚያውቁ ቀድመው አጥሚት ያስቀምጡለታል። በረመዳን የሙስሊሞቹ እራት እስከ መግሪብ ተከድኖ ይቆያል።

ሲስተር ከህንድ የመጡ ናቸው። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ አንተና አንቺ ግን ይምታታባቸዋል። ጠዋት ጠዋት በየአልጋው እየዞሩ ‹‹አባባ፣ ዛሬ በደንብ በልተሻል?›› ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ‹‹በልቻለሁ እማዬ›› ብለው ይመልሱና ዞር ሲሉ ይስቃሉ። አንድ ቀን ላርማቸው ስል አንድ አዛውንት እጄን ያዙኝ። ‹‹ተዋቸው ልጄ። እናቴ ብቻ ነበረች አንቺ ብላ የምትጠራኝ›› አሉኝ።

‹‹ስንት ቀን ቀረኝ?››

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ክፍሉ ውስጥ አንድ አባት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፣ አባባ እያልኩ ልቀጥል። ስድሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ከሰሜን ወሎ ለቀን ሥራ መጥተው ሕንፃ ለሕንፃ ሲሚንቶ ሲሸከሙ ሃያ ዓመት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሳል ያዛቸው፤ ‹‹ብርድ ነው›› ብለው ችላ አሉት። ጉልበታቸው ሲደክም ሥራ ቀረ፤ ሥራ ሲቀር ኪራይ ቀረ። በመጨረሻ ሁለት ጫኝና አውራጅ ልጆች ተራ በተራ አዝለው እበሩ ላይ አደረሷቸው። ምርመራው የሳምባ ነቀርሳ ሆነ።

የነቀርሳ ሕክምና በአገራችን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሁለት ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪው አራት ወር በሁለት ዓይነት። አባባ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በተለየ ክፍል ካሳለፉ በኋላ ወደ ወንዶቹ ክፍል ተዛወሩ። ሰውነታቸው ተመለሰ። ጎናቸው እግሩን ተሰብሮ የተኛ ወጣት ነበር። ከሕንፃ መወጣጫ የወደቀ የወሎ ልጅ ነው። ውኃ ያጠጡታል፣ ሽንት ዕቃ ያቀብሉታል፣ ለሶላት ሲዘጋጅ ውዱእ የሚያደርግበትን ውኃ ያመጡለታል። እሱም ‹‹ጋሼ›› እያለ አገር ቤት ያለ ያህል ያጫውታቸው ነበር።

አራተኛው ወር አልቆ አምስተኛው ሲጋመስ አባባ ዝምተኛ ሆኑ። ምግብ መተው ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ ጋቢያቸውን ላጥብ ስወስድ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። ስፈታው ዘጠኝ ቀያይ ኪኒን።

‹‹አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?››

‹‹መድኃኒት ነዋ።››

‹‹ታዲያ ለምን አልዋጡትም?››

ዝም አሉ። ቆይተው ‹‹ልጄ፣ ስንት ቀን ቀረኝ?›› አሉ።

‹‹አርባ ሁለት።››

‹‹አየህ፣ አንተም ትቆጥራለህ። እኔም እቆጥራለሁ።›› ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹‹እዚህ የመጣሁ ቀን ታዝዬ ነው። የታዘለ ሰው በር አያንኳኳም፤ ይከፈትለታል። ስድስት ወሩ ሲሞላ ግን በእግሬ ነው የምወጣው። ከዳንኩ በኋላስ? በእግሩ ለሚሄድ ሰው ማን በር ይከፍታል?››

መልስ አልነበረኝም። ነገሩን ለሲስተርና ለነርሱ ነገርኩ። ነርሱ ቀድሞ ጠርጥሮ ነበር። ይህ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ሽንት ያቀላዋል፤ የአባባ ግን ቀለሙን ቀይሮ እንደነበር አስተውሏል። ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። የነቀርሳ መድኃኒት ሲቆራረጥ ተህዋሲው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ያን ጊዜ በሽታው የበለጠ ረጅምና ከባድ ሕክምና የሚፈልግ ይሆናል፤ የሚተላለፈውም ያው የለመደው ነው። አባባ ጎን ደግሞ ወጣቱ ተኝቷል።

ሲስተር አልተቆጡም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ‹‹አባባ፣ አንቺ ሞኝ ነሽ›› አሉ። አባባ ሳይወዱ ሳቁ። ‹‹መድኃኒት ጨርሺ። ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን እናስባለን። ብቻሽን አታስቢ።›› ወደ እኔ ዞረው ደግሞ ‹‹አንተ ተማሪ አይደለህ? ተማሪ ምን ያስባል?›› አሉኝ። ለእኔ አንተ ሲሉ አልተሳሳቱም።

ክቡ

ተማሪው ያሰበው መታወቂያ ነበር። መታወቂያ ካለ ሥራ ይገኛል፣ ሥራ ካለ ቤት ይገኛል ብዬ አባባን ይዤ ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል።

በመጀመሪያው ቀን ‹‹መሸኛ አላቸው?›› ተባልን። መሸኛ የሚመጣው ቀድሞ ከኖሩበት ቀበሌ ነው። አባባ ከተወለዱበት የወጡት ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በየኮንትራክተሩ ቆርቆሮ ሥር ስላደሩ የትም አልተመዘገቡም። በሁለተኛው ቀን ‹‹የት ነው የሚኖሩት?›› ተባለ። ‹‹ማዘር ትሬዛ›› አልኩ። ‹‹እሱማ መታከሚያ ነው፤ የቤት ቁጥር ያለው፣ የሚያስመዘግብ ባለቤት ያለው አድራሻ ያስፈልጋል›› አለችን። በክፋት አልነበረም፤ መመሪያው ጠረጴዛዋ ላይ ተለጥፏል፣ ከኋላችንም ረጅም ሰልፍ አለ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው በጨዋነት አስተናግደውን ያንኑ ደገሙልን።

ተመልሰን ሥራ ጠየቅን። የጥበቃ ሥራ ነበር። ዋስ ይፈለጋል፤ ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ አመልካቹ ደግሞ የነዋሪነት መታወቂያ ማቅረብ አለበት። ቤት ጠየቅን። አከራይዋ መታወቂያና የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ አሉ። እንግዲህ ክቡን ተመልከቱት። ያለ ቤት መታወቂያ የለም፤ ያለ መታወቂያ ሥራ የለም፤ ያለ ሥራ ቤት የለም። ፋይዳስ? በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የሚሰጠው ዲጂታል መታወቂያ የሰውየውን አሻራና የዓይን ምስል ወስዶ ማንነቱን ያረጋግጣል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ማን እንደሆነ የተረጋገጠለት ሰውም ማታ የሚገባበት ያስፈልገዋል።

ክፍል ውስጥ የተነሳው ክርክር

ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ሳቀርብ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ጓደኛዬ ‹‹እንዲህ ያሉ ቤቶች ድህነትን ያስታምማሉ እንጂ አያድኑም›› አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ሮቢን ፎክስ የካልካታውን ቤት ጎብኝቶ፣ የምርመራው ሥርዓት ደካማ መሆኑንና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አለመኖሩን ጽፎ ነበር። በዓመቱ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ክሪስቶፈር ሂችንስ እማሆይ ትሬዛን በብርቱ የሚነቅፍ መጽሐፍ አሳተመ። ድሃን ከመውደድ ይልቅ ድህነትን መውደድ ነው እስከ ማለት ደርሷል።

እኔ ነቀፌታውን በሙሉ አልጥለውም። ፍቅር ካለ ሙያ አይቅር፤ የሚያመው ሰው ማስታገሻ ይገባዋል። ግን የስድስት ኪሎው ቤት ራሱ ሌላም ነገር ያሳያል። አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ እ.ኤ.አ. በ1984 በረሃቡ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ፣ በኋላም ኑሯቸውን እዚሁ ያደረጉ ሰው ናቸው። በዚህ ቤት ለብዙ ዓመታት በበጎ ፈቃድ ሕሙማንን አይተዋል። ጀርባቸው በነቀርሳና በሌላ ሕመም የጎበጠ ልጆችን ከዚያ እያገኙ ጋና ድረስ ልከው፣ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ በመሠረቱት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና እንዲቃኑ አድርገዋል። ሐኪሙ አይሁዳዊ ናቸው፤ ቤቱ የካቶሊክ ነው፤ ልጆቹ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ጴንጤ። ሲስተሮቹ አልጋውን አዘጋጁ፤ ሐኪሙ ሙያውን ይዞ ገባ። ቤቱ ሁሉንም ነገር ባይሠራም በሩ ክፍት ነበር፤ የጎደለውን ይዞ የገባ ሰው ሥራ አላጣም።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው። እነዚህ ሴቶች መጀመሪያ የተነሱት ‹‹ይህ ሰው እንዴት ይሙት?›› ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። መልሳቸውም ብቻውን፣ ቆሻሻ ላይ፣ ስሙን የሚጠራው ሳይኖር አይሙት የሚል ነው። ያንን ሃምሳ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ላይ ሲፈጽሙት ኖረዋል። ‹‹እንዴት ይኑር?›› የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሰውየው ሲድን ነው። ያ ጥያቄ የማን ነው? ለሞት የቆረጡ ሰዎችን የሚቀበል ቤት፣ የዳኑትን ሁሉ ዕድሜ ልክ ቢያስቀምጥ ነገ ለሚታዘለው አልጋ አይኖረውም።

እድርና የዳነ ሰው

ነገሩን ወደ ራሳችን ባህል ልመልሰው። እኛ ለሞት የተዘጋጀን ሕዝብ ነን። እድር አለን፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አለን፤ ለነዳያን ይዘከራል። በሙስሊሙ ዘንድ ዘካና ሰደቃ አለ። ለታመመም መጠየቅ አለ፤ ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን። ለዳነ ግን ምን አለን? ‹‹እንኳን እግዚአብሔር ማረህ›› እንላለን፤ ያም የሚባለው ቤት ላለው ሰው፣ ቤቱ ተሂዶ ነው። ቤት የሌለውን ‹‹እንኳን ማረህ›› የት ሄደን እንበለው?

እድር የሌለው ሰው ሲሞት ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል። እድር የሌለው ሰው ሲድን የሚቀበለው መሥሪያ ቤትም ማኅበርም አላየሁም። አባባ መድኃኒቱን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩት ይህን ስላወቁ ነው። ሞኝነት ነው ብዬ ለማለፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሒሳብ ነበር። በሽተኛ ሆኖ አልጋ፣ ምግብና ‹‹በልተሻል?›› የሚል ሰው አለ፤ ጤነኛ ሆኖ አጥር ሥር ማደር አለ። ከሁለቱ ምረጥ የተባለ ሰው ምን ይመርጣል? ከተማችን አንድን ሰው መዳንን እንዲፈራ ካደረገችው፣ የሚታከመው እሱ ብቻ አይደለም።

አባባ መድኃኒታቸውን ጨረሱ። ያለፏቸው ቀናት ተጨምረው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነበር፤ ዝናቡ ጀምሯል። መውጫ የተገኘው እኔ ከሄድኩባቸው ቢሮዎች አይደለም። የወጣቱ አጎት ጉለሌ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። የወንድማቸውን ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡ አባባ ውኃ ሲያጠጡት በተደጋጋሚ አይተዋል። ነገሩን ሲሰሙ ‹‹ማታ ማታ ዕቃ የሚጠብቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ጥግ ላይ አልጋ ይገባል›› አሉ።

‹‹ዋስ የላቸውም›› አልኳቸው፤ ቢሮ ቢሮ ስል ከርሜ ለምዶብኝ።

‹‹ልጄ አጠገባቸው ሦስት ወር ተኝቶ የለም እንዴ? ሌላ ምን ዋስ አለ?›› አሉኝ።

አሁን አባባ እዚያው ናቸው። በቀን አሸዋ ወረቀት ይፈትጋሉ፣ ሌሊት ይጠብቃሉ። አጎትየው ቤታቸው ላይ ስላስመዘገቧቸው መታወቂያውም በሂደት ላይ ነው። ደስ ይላል። ግን ይህ የአንድ ሰው ዕድል ነው። በዚያው ወር ከዚያው ክፍል ሌሎች ሁለት ሰዎች ድነው ወጥተዋል፤ አንዱ ለአውቶቡስ ተሰጥቶት ወደ አገሩ ሄዷል። ሌላውን ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አየሁት፤ ሰላም ብሎኝ አንገቱን ደፋ።

ምን እናድርግ?

እኛ ተማሪዎች ሆስፒታል አንሠራም፣ ኮንዶሚኒየም አናድልም። ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ ብዬ ሦስት ሐሳብ ላቅርብ።

አንደኛ፣ አብሮ መሄድ። ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ፣ የፋይዳ ምዝገባ። ብቻውን የሄደ ‹‹ነገ ና›› ይባላል፤ ወረቀት አንብቦ የሚጠይቅ ሰው አብሮት ሲኖር ቢያንስ ምን እንደጎደለው በግልጽ ይነገረዋል። መሸኛ ከትውልድ ቀበሌው እንዲላክ ደብዳቤ መጻፍና ስልክ መደወልም እንችላለን። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣን ነን፤ የአንዱ አገር ሰው ከመካከላችን አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ቀድሞ መጠየቅ። ‹‹ስትድን የት ትገባለህ?›› የሚለው በስድስተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ወር ይነሳ። አምስት ወር ለመፈለግ በቂ ጊዜ ነው፤ አምስት ቀን ግን አይበቃም። የመስክ ልምምድ የሚወጣ እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ሰው ጉዳይ ይዞ ቢከታተል ለትምህርቱም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ዋስትና። በየሰፈራችን እድር አለ፤ ወላጆቻችን አባል ናቸው። አንድ እድር በዓመት አንድ የዳነ ሰው ‹‹በእኛ ሰፈር ነው የሚኖረው፣ እኛ እናውቀዋለን›› ብሎ ቢመሰክርለት ክቡ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል። ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የራሴን ሰፈር እድር ዳኛ አነጋግሬያቸዋለሁ። ‹‹መተዳደሪያ ደንባችን የሚያውቀው ሟችን ነው›› አሉኝ፤ ግን ለጠቅላላ ጉባዔ እንዳቀርበው ፈቅደውልኛል። ጉባዔው መስከረም ላይ ነው።

እስካሁን በክፍላችን አምስት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ለመሄድ ተስማምተናል። የሴቶቹ ክፍል ሁለት ሰው ይፈልጋል። ትግርኛና አፋን ኦሮሞ የሚችል ቢኖር ደግሞ በጣም እንፈልገዋለን፤ ቋንቋው ጠፍቶብን ታሪካቸውን ያልሰማንላቸው ሰዎች አሉ። ፈቃደኛ የሆነ በክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሙን ያስፍር። ምላጭና ሳሙና ከእኛ።

ቸር ይግጠመን።